እህቴ ጥርስ አትነክስም

ልጅ ሆኜ ከመጋረጃ ወዲያ የሰማሁት ወሬ አለ። ሁለት ሴቶች ናቸው የሚያወሩት። አንዷ ድምፀ ወፍራም ናት፤ ሌላዋ በየመሀሉ «እህህ» ከማለት በቀር ብዙም አትናገርም። እናታችን ከሞተች ገና ወራት ነው። ታላቅ እህቴ ወጥ ቤት ሆና ዕቃ ታጥባለች፤ እኔ ከታናናሾቼ ጎን እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ተኝቻለሁ። ድምፀ ወፍራሟ ስለ እህቴ እያነሳች «ይቺ ልጅ እኮ ጥርሷን ነክሳ…» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን በትክክል አላስታውሰውም። «ነክሳ ይዛቸዋለች» ትበል «ነክሳባቸዋለች» ትበል፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ልዩነቱ የአንዲት ቃል ነው። የመጀመሪያው ምስጋና ነው፦ ችላ፣ ሐዘኗን በሆዷ አፍና፣ ለሰው ሳታሳይ ታሳድጋቸዋለች ማለት ነው። ሁለተኛው ክስ ነው፦ ቂም ይዛባቸዋለች። እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ ያን ስትናገር ወጥ ቤት የነበረው የሳህን ድምፅ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

ይህን ያነሳሁት እህቴ በታመመች ጊዜ የሆነውን ለመጻፍ ስጀምር ሌላ መነሻ ስላጣሁለት ነው።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ። የምንሠራው በእሷ ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ነው። የስፌት ማሽኑ መስኮቱ ሥር ነው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ መሀል ላይ፣ የእኔ ካውያ ጥግ ላይ። ከጥጌ አጠገብ ወፍራም መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ባሏ ተኝቷል። በካውያ መተኮስ እጅና ዓይን ይይዛል እንጂ ጆሮ አይይዝም። ስለዚህ ዕድሜዬን የኖርኩት ሰው እየሰማሁ ነው። ትምህርት ቤት ብዙም አልዘለቅሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ግማሹን ከአሮጌ መጻሕፍት፣ ግማሹን ልብሳቸው እስኪተኮስ ቆመው ከሚያወሩ ደንበኞች ነው። ሰው ፊቱን ወደ ካውያው አዙሮ የሚናገረውን ነገር ለንስሐ አባቱም አይናገረውም።

የእህቴ ባል በደህናው ጊዜ ጫኝና አውራጅ ነበር። ካዝና፣ ትልልቅ ፍሪጅ፣ አንዳንዴም ፒያኖ በጠባብ ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች አለቃ ነበርና ጓደኞቹ «ክሬኑ» ይሉት ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ቀኝ ጎኑ ዛለ፣ ንግግሩም ተጎተተ። አእምሮው ግን ያው ነው፣ ቀልዱም ያው ነው። ቁስል እንዳይወጣበት ከጎን ወደ ጎን መገላበጥ አለበት፤ መታጠብም፣ ቀና ብሎ መብላትም አለበት። ይህን ሁሉ የምታደርገው እህቴ ብቻ ናት። እኔ ላግዝ ብዬ መጋረጃውን በገለጥኩ ጊዜ እሱ በደህና እጁ ከለከለኝ።

«አማች ፊት ራቁቴን?» አለኝ እየተጎተተ። «ተወኝ እንጂ። ካውያህ እንዳያቃጥል ሂድ።»

እህቴም ከኋላው ሆና በዓይኗ ውጣ አለችኝ። ወጣሁ።

የእሷ ሕመም የጀመረው ከጆሮዋ ሥር ነው። ጠዋት ስትነሳ አፏ በደንብ አይከፈትላትም። ዳቦ ጥፍር አሳክላ እየቆረሰች ትበላለች። ስታዛጋ መንጋጋዋ «ቀጭ» ይላል፤ እኔ ካለሁበት ድረስ ይሰማኛል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሕመሙ ወደ ጆሮ ግንዷ፣ ወደ ዓይኗ ጀርባ ይወጣና ማሽኑን አቁማ ግንባሯን በመዳፏ ትደግፋለች። መጀመሪያ ጆሮ ነው ብላ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ በመብራት አይቶ «የእርስዎ ጆሮ ከእኔ ጆሮ ይሻላል» ብሎ መለሳት። ከዚያ ጥርስ ነው ተባለ፤ አብሬያት ሄድኩ።

የጥርስ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑትና ጠንቃቃ ልጅ። ብዙ ጠየቃት። ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይነዝራል ወይ፣ ተመትተው ያውቃሉ ወይ። በመጨረሻም ጓንቱን እያጠለቀ «እናቴ፣ ጥርስዎን ይነክሳሉ?» አላት።

እህቴ ከወንበሩ ላይ ቀና ብላ አየችው። «በማን ላይ?»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «በማንም ላይ» አለ፤ «እንዲሁ፣ ይነክሳሉ ወይ ለማለት ነው።»

«እንዲሁማ ሰው ይነክሳል እንዴ ልጄ። እኔ በማንም ላይ ጥርስ ነክሼ አላውቅም። ቤቴ ሰላም ነው። ባሌም ምንም አላደረገኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጥሩ» አለና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈ።

በራጁ ላይ ከታች ከመጨረሻዎቹ ጥርሶቿ አንዱ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረበት። ምናልባት እሱ ይሆናል ተብሎ ተነቀለ። ማስታገሻው እስካለ ድረስ ሕመሙ ረገብ አለ፤ ማስታገሻው ሲያልቅ ተመልሶ መጣ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት። ስትመለስ ሐኪሙ ተጨነቀ፣ ግን እሷ ራሷ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ነው ብላ ድርቅ አለች። «ይሄኛው ነው፤ ሲነዝረኝ አውቀዋለሁ። ንቀልልኝና ልረፍ» አለችው። ለሐሙስ ቀጠሩ።

በዚያው ሳምንት አናጺ መጣ። እኔ ነኝ የጠራሁት። ምክንያቱም ከመጋረጃው ወዲያ ዘወትር የምሰማው አንድ ድምፅ ነበር፤ እህቴ ባሏን ልታነሳ ስትል መጀመሪያ ታንጎራጉራለች፤ ቀጥሎ ማንጎራጎሯ ይቋረጣል፣ ትንፋሽም አይሰማም፤ ከዚያ አንድ አጭር «ቅርጭጭ» የሚል ነገር ይመጣል፤ ከዚያ ሰውየው ተነስቷል። አልጋው ነው ብዬ ነበር። ማጠፊያዎቹን ዘይት ቀብቼያቸዋለሁ። አልተወም። አናጺው የአልጋውን እግሮች ሊያጠብቅ ወደ ሱቁ ወሰደው፤ ፍራሹም ወለል ላይ ተነጠፈ።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ደንበኛ ሱሪ እየተኮስኩ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ እህቴ ማንጎራጎር ጀመረች። ተቋረጠ። ትንፋሹ ቆመ። «ቅርጭጭ።»

የስፖንጅ ፍራሽ አይንቋቋም። ካውያውን ሱሪው ላይ ረስቼው የሰው ልብስ ልለበልብ ነበር። ያን ጊዜ ነው ወጣቱ ሐኪም የጠየቃት ጥያቄና የእሷ መልስ አንድ ላይ የመጡብኝ። እሱ ስለ ሥጋዋ ጠይቋት፣ እሷ ስለ ነፍሷ መልሳለታለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ስቄያለሁ።

በማግስቱ ረቡዕ ነው። እህቴ የቀሚስ ጠርዝ እየሰበሰበች ነበር፤ እንደ ልማዷ ስፒሎቹን በጥርሷ ይዛለች። ጸሎቴን በሆዴ አድርሼ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ጠብቄ ጠራኋት።

«እትዬ። ያ ልጅ የጠየቀሽ ሌላ ነገር ነው።»

«የቱ ልጅ?» አለች በስፒሎቹ መሀል።

«ሐኪሙ። ስለ ቂም አልጠየቀሽም። የላይኛው ጥርስሽ ከታችኛው ጋር ይጫጫናል ወይ ነው ያለሽ።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። «ታዲያ እንደዚያ አይለኝም ነበር?»

«እንደዚያ እኮ ነው ያለሽ።»

«ይነክሳሉ ወይ ነው ያለኝ። የሚነክስ ውሻ ነው፤ አለዚያም ቂመኛ ነው። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም።»

«ጋሼን ስታነሺው ይሰማኛል።»

«ምኑ ነው የሚሰማህ?»

«ጥርስሽ።»

እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። ወደ መጋረጃው አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀስ በል። እሱ ሌላው ቢቀር ጆሮው ደህና ነው።»

«ነገ ደህና ጥርስ ልታስነቅዪ ነው እኮ እትዬ።»

«ይነቀል። ጥርስ ነው። ባሏን ጥርሷን ነክሳበት ነው የምታስታምመው ከሚባል ጥርሱ ሁሉ ይርገፍ።» ከዚያ ክር ወደ አፏ ወስዳ በጠሰች። «አንድ ጊዜ ተብያለሁ። ይበቃኛል። እማዬ በሞተች ሰሞን፣ ያቺ ድምፀ ወፍራም ሴትዮ። ጥርሷን ነክሳባቸዋለች አለች። በእናንተ ላይ ነው እኮ። የእናንተን ሳህን እያጠብኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ፊቴን አጥቁሬ አላውቅም።»

«ነክሳ ይዛቸዋለች ያለች ነበር የሚመስለኝ።»

«አንተ ተኝተህ ነበር።»

«አልተኛሁም።»

«እንግዲህ ሁለታችንም ሰምተናል» አለችና ፔዳሉን ረገጠች። ማሽኑ ተነሳ፤ ወሬውም በዚያው አበቃ።

ሐሙስ ዕለት ወንበሩ ላይ ጋደም አለች። ሐኪሙ ማደንዘዣውን ይዞ ቀረበ። አስቤበት ያደርኩትን ሁሉ ረስቼ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» አልኩት። በሩ ጋ ነበርኩ። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት፦ የጠየቃትን እንዴት እንደሰማችው፣ ከጥርሷ የምሰማውንም ድምፅ። ስለ ባሏ አላነሳሁም፤ የእኔ ነገር አይደለምና።

ልጁ መርፌውን አስቀመጠ። ጣቶቹን ጉንጮቿ ላይ አሳርፎ «እስኪ እናቴ፣ ጥርስዎን ግጥም ያድርጉ» አላት። ገጠመች። ከእጁ ሥር ጉንጯ እንደ ለውዝ ፍሬ ጓጎለ። ደጋግሞ አስገጠማት።

«ይሄን ጥርስ አልነቅልም» አለ በኋላ። «ያኛውን ልመልስልዎት አልችልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእኔ ይልቅ አስተማሪዬ ይዩዎት።»

«ታዲያ ሕመሙስ?» አለች እህቴ።

«ሕመሙ አለ። ጥርሱ ውስጥ ግን አይደለም።»

የእሱ አስተማሪ የምትሠራበት ክፍል ከትልቅ ሆስፒታል ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ መንጋጋው የሚንቀሳቀስ የፕላስቲክ የራስ ቅል አለ። እህቴ ስታየው ፊቷን አዞረች። ሐኪሟ አይታ በፎጣ ሸፈነችውና ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«ጣትሽን እዚህ አድርጊ፣ ከጆሮሽ ፊት። አሁን ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ተሰማሽ? መጋጠሚያው ይሄ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መሀል ትንሽ ትራስ መሳይ ነገር አለች። ከቦታዋ ስትንሸራተት ነው ቀጭ የሚለው። ቀጭ ማለቱ ብቻውን አያስፈራኝም። አፍሽ አልከፈት ማለቱ ነው የሚያሳስበኝ።»

ምላሷን አስወጥታ አየች፤ ጠርዙ ላይ የጥርሶቿ ቅርጽ ተርታውን ታትሟል። ጆሮ ግንዷን ስትጫን እህቴ አቃሰተች። ሥራዋን ጠየቀቻት። ስፒል በጥርስ መያዝ፣ ክር በጥርስ መበጠስ።

«ከባድ ነገርስ ታነሺያለሽ?»

«ኧረ። ጨርቅ ነው ሥራዬ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። ከዚያ ተነስታ መዳፎቿን በእህቴ ጉንጮች ላይ አሳረፈችና «እስኪ ያቺን ወንበር ብድግ አድርገሽ ወደ መስኮቱ አስጠጊልኝ» አለቻት። ወንበሯ የእንጨት ናት፣ ትከብዳለች። እህቴ ጎንበስ አለች።

«ይኸው» አለች ሐኪሟ።

«ወንበር እኮ ነው።»

«አዎ። ወንበር ነው።»

እህቴ ወንበሯን አስቀመጠችና ራሷ ተቀመጠችባት። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። «ባሌ ነው» አለች በመጨረሻ። «አልጋ ላይ ነው። እኔ ነኝ የማነሳው። ግን ዶክተር፣ ከፍቶኝ አይደለም። ወድጄ ነው።»

«አምንሻለሁ።»

«ጥርሴን ነክሼበት አይደለም።»

«ገብቶኛል እህቴ። ጡንቻ ግን ወደሽ ነው ሳትወጂ ብሎ አይጠይቅም። የሚያውቀው ክብደት ነው። እኔም ቤቴ ፍራሽ ስገለብጥ እነክሳለሁ፤ በፍራሹ ላይ ቂም የለኝም።»

እህቴ ሳቀች፤ ሳቋ አሟት ጉንጯን ያዘች።

ሐኪሟ ሌላም ነገር ነገረችን፤ ሐኪሞች ሁሉን እንደማያውቁ ሳትሸሽግ። ዕድሜ ልኩን ጥርሱን የሚያፋጭ፣ አንድ ቀን እንኳ የማያመው ሰው አለ። ምንም ሳያደርግ የሚታመምም አለ። በእህቴ ላይ ግን ስፒሉም፣ ክሩም፣ ሸክሙም ተደራርቧል። ይህ ዓይነቱ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቢላዋና ያለ ጉጠት ይለቃል፣ መንጋጋው ካረፈ። ለስላሳ ምግብ፣ በትንሽ በትንሹ። ጉንጯ ላይ ሞቅ ያለ ጨርቅ። ስታዛጋ አገጯን በእጇ ትደግፍ። ማታ ማታ ጥርሷ ላይ የምታጠልቀው የፕላስቲክ ሽፋን ይሠራላታል። ቀን ደግሞ ከንፈሯ ይገጠም፣ ጥርሷ ግን አይነካካ።

«ጥርስና ጥርስ የሚገናኙት ስትበዪ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ሥራ የላቸውም» አለቻት። «ሰውየውን ደግሞ እስኪሻልሽ ሌላ ሰው ያንሳው። ይሄን ለይስሙላ አይደለም የምነግርሽ። አንድ ጠዋት አፍሽ ተይዞ ከቀረ መመለሱ ቀላል አይሆንም።»

ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። መሻገሪያው ጋ መብራቱ እስኪለቅልን ስንቆም እህቴ ተናገረች።

«ስፒሉን እተዋለሁ። ክሩንም በመቀስ እቆርጣለሁ። ሽፋኑንም አጠልቃለሁ፣ ፈረስ ብመስልም።»

«ጋሼንስ?»

«እሱን ማን ያነሳዋል?»

«እኔ አነሳዋለኋ።»

«አይፈቅድም። ታውቀዋለህ። አንተ ካነሳኸው እኔ ሰለቸሁት ማለት ነው ለእሱ። ጥጥ ነህ እያልኩ ነው እኮ የማነሳው። ጥጥ ነህ፣ ከጨርቅ ትቀላለህ እለዋለሁ። አሁን ሄጄ ከበድከኝ ልበለው?» ወደ እኔ ዞረች። «እንዳትነግረው። በእማዬ ነፍስ።»

በእናታችን ነፍስ ከተባልኩ ምን እላለሁ።  ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ካውያው ላይ ፎጣ እያሞቅሁ እሰጣታለሁ፤ ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስፒሎቹ ከትራሳቸው አይነሱም። ሽፋኑንም ታጠልቃለች። ጠዋት ጠዋት ሕመሙ ጥቂት ረገብ ያለላት ይመስላል፤ አልጋውም ከአናጺው ተመልሷል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ማንጎራጎሩ ግን አልቀረም፣ «ቅርጭጩ»ም አልቀረም። በሰማሁት ቁጥር ካውያዬን አቁሜ ጌታ ሆይ መንገድ አሳየን እላለሁ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ማንጎራጎሩ ተጀመረ፤ ተቋረጠ። ትንፋሹ ቆመ። የጠበቅሁት ድምፅ መጣ። ሰውየው ግን አልተነሳም። 

«አንቺዬ?» ሲል ሰማሁት። መልስ የለም። «አንቺዬ፣ ምን ሆነሻል?» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራኝ፤ እየተጎተተ፣ ግን እንደ ድሮ ሠራተኞቹን እንደሚጠራው። «አማች። ና ግባ።»

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። እህቴ አንድ ጉልበቷን አልጋው ላይ አድርጋ በብብቱ ሥር አቅፋው ግማሽ ቀና እንዳደረገችው ቀርታለች። መልቀቅም መጨረስም አልሆነላትም። አፏ በትንሹ ተከፍቶ ተይዟል፤ አይዘጋም፣ አይከፈትም። እንባዋ እየወረደ በእሱ ትከሻ ላይ ይንጠባጠባል። ፊቷ ከፊቱ የአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው፤ ሌላ የሚያይበት አልነበረውም።

ከእጇ ተቀበልኩት። ከበደኝ። የሰው ክብደት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ትራሱ ላይ እስካሳርፈው እግሬ ተንቀጠቀጠ። አንሶላውን እስከ ደረቱ ሳብኩለትና ፎጣ ላሞቅ ወጣሁ። እህቴ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ፎጣውን በሁለት እጇ ጉንጮቿ ላይ ያዘች። ሐኪሟ እንዳሳየቻት ምላሷን ወደ ላንቃዋ እያስጠጋች፣ ሳታስገድድ፣ ቀስ ቀስ እያለች ሞከረች። ብዙ ቆየን። በኋላ «ቀጭ» ብሎ ለቀቃት። ግን ልትናገር ስትል እጄን አንስቼ ዝም በይ አልኳት። ማረፍ ነበረበት።

ባሏ ከእሷ ወደ እኔ አየ። «ምን ሆና ነው?»

እህቴን አየኋት። ፎጣውን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች፣ እንዳትነግረው። እኔ ግን የሚያየውን ሰው ምን ብዬ አላየህም እለዋለሁ። ነገርኩት። ጥርሱ በከንቱ እንደተነቀለ፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ አፏ ጨርሶ ሊያዝ እንደሚችል። ከዚያም ሁለቱም እንዲሰሙት ጨመርኩ፦ «ከፍቷት አይደለም ጋሼ። ጡንቻ ነው። ሐኪሟ ራሷ ብላታለች።»

ጣሪያውን አየ። ደህና እጁ አንሶላው ላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ጥጥ ነህ ትለኝ ነበር» አለ።

እህቴ ፎጣውን አጥብቃ ያዘች።

«እኔ በሸክም ነው ያረጀሁት። ስንት እንደምመዝን የማላውቅ መሰላችሁ? አውቀዋለሁ። አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳኝ ዕቃ አይደለሁም። ግን ታንጎራጉር ነበር።» ቃሉ ተያዘበት፤ ጠበቅነው። «የከበደው ሰው አያንጎራጉርም። ሠራተኞቼ ሲከብዳቸው ዝም ነው የሚሉት። እያንጎራጎረች ነውና ደህና ናት ብዬ… ልመን ስለፈለግሁ አመንኩ።»

እህቴ ፎጣውን ከፊቷ አወረደች። «ደህና ነኝ» አለች፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታላቅቅ። «ይሻለኛል። እኔው አነሳሃለሁ። እሱ ካውያውን…»

«አንቺን አይደለም የማወራው» አላት ረጋ ብሎ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ግማሽ ፊቱ ነው የሚታዘዘው፤ በዚያች ግማሽ ሊቀልድ ሞከረ። «አንተ። ቅድም ስታነሳኝ እግርህ እንደ ቅጠል ሲርገፈገፍ አየሁት።»

«ከብደኸኝ ነው ጋሼ።»

«እንደሱ በል። እውነት የሚነግረኝ ሰው አገኘሁ።» ጥቂት አረፈ። «ስታጥበኝስ ወዴት ነው የምታየው?»

«ከፈለግህ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ጨፍነህ መሬት ልትጥለኝ።» ሳቁ እንደ ሳል ወጣ፤ ከዚያ ቆመ። ያየኝ በሚቀልድ ሰው ዓይን አልነበረም። «አማች ፊት አልራቆትም ብዬ ነበር። ለራሴ ብዬ ነው። እሷን አላሰብኳትም።»

እህቴ የዛለ እጁን ይዛ ነበር። «ትጠላዋለህ» አለችው። «ደስ አይልህም።»

«አይለኝም» አለ። «አንቺ ግን ዳቦ መብላት አለብሽ።»

ከዚያ ሥራ እንደሚያከፋፍል ሰው ተናገረ፤ አንድ በአንድ፣ እየተጎተተ። ማንሳቱና መገላበጡ፣ መታጠቡም የእኔ ነው። ሲታጠብ መጋረጃው ይዘጋል፣ እሷም በፊት ክፍል ትሆናለች። ማብላቱ የእሷ ነው፤ ያን አልሰጥም አለ። ማንጎራጎርም ከፈለገች ከማሽኗ ላይ ሆና ታንጎራጉር። ይህ እስኪሻለኝ ብቻ ነው ብላ ልትጨቃጨቅ አፏን ስትከፍት አመማትና ተወችው።

«ከነገ ጠዋት እንጀምር» አልኩት።

«ለምን ነገ?» አለ። «በጀርባዬ ከተኛሁ ቆይቻለሁ።»

እህቴ ተነሳች። ፎጣውን አጣጥፋ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፣ አንሶላውን አንድ ጊዜ አስተካከለችለት፣ ወጥታም መጋረጃውን ዘጋች። ማሽኑ ጋ ስትቀመጥ ወንበሯን ሰማሁት።

እጅጌዬን ሰበሰብኩና አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ደህና እጁን ከደረቱ ላይ አንስቶ ወደ ጎን አደረገው፣ እጄን በብብቱ ሥር እንዳስገባ።

«እሺ» አለኝ። «አንሳኝ።»